የኮማንደር ድርሻ

ወንድሜ መስዑድ ስለ ውሻ የማያውቀው ነገር የለም። አንድም ውሻ አሳድጎ ስለማያውቅ እውቀቱ በልምድ አልተበረዘም። ስለ ዶሮ ያለው እውቀትም እንዲሁ ጥልቅ ነው፤ ከጭኗ ይጀምርና ፈረሰኛው ላይ ያበቃል።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ነው። ከጓሯችን አጥር ወዲያ ደንገል ነው፣ ከደንገሉ ወዲያ ጣና። አባቴ ሙሀመድአወል የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። መስዑድ ሽንኩርት ከወረታ እያመጣ ለከተማው ያከፋፍላል፤ እሱም ነጋዴ ይባላል። እኔ ዶሮ አርብቼ እሸጣለሁ። የእኔ ሥራ በቤታችን ውስጥ ስሙ "የሰሚሐ ጨዋታ" ነው። ከአስረኛ ክፍል በኋላ አስተማሪዬ ስልኬ ነበር፤ ክትባቱንም፣ መኖውንም፣ የጫጩት ማሞቂያውንም ከዚያው ቃርሜ ተማርሁ። ያልገባኝን ደግሞ የሞቱት ጫጩቶች በደንብ አስረዱኝ።

መስዑድ ጓሮውን ለሽንኩርት መጋዘን ይፈልገዋል። እኔ ደግሞ ከዚያ ጓሮ ሌላ ዶሮ የማቆምበት ቦታ የለኝም። ኢድ አልፎ የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ሲጋመስ አባባ ሁለታችንን አስቀምጠው ፈረዱ።

"እስከ ፋሲካ ጊዜ ትሰጣለህ" አሉት መስዑድን። ወደ እኔ ዞሩ። "ዶሮዎቹን ለፋሲካ ገበያ ካደረስሽ ጓሮው ያንቺ ነው፤ ዳግመኛ ማንም አያነሣብሽም። ካላደረስሽ መጋዘኑ ይሠራል፣ አንቺም ከእናትሽ ጋር ሱቅ ትቀመጫለሽ።"

ሱቅ መቀመጥ ማለት ቀኑን ሙሉ ጨርቅ እየዘረጉ "ሌላ ቀለም የለም?" ለሚል ሰው ሌላ ቀለም ማውረድ ነው። እኔ ለዚያ አልተፈጠርሁም። የክርስቲያኖቹ ፋሲካ ደግሞ ለዶሮ ነጋዴ እንደዋዛ የሚታይ በዓል አይደለም። ያን ሁሉ ቀን ሽሮ ሲበላ የከረመ ከተማ አንድ ሌሊት ላይ ዶሮ ይፈልጋል፤ በዚያ ሰሞን ቀይ አውራ ዶሮ ይዞ የቆመ ሰው ከንቲባ ነው።

መስዑድ ፍርዱን በትሕትና ተቀበለ። በማግስቱ ብሎኬት አስመጣ።

"ይህ ምንድን ነው?" አልሁት።

"ዋጋ ሳይጨምር ብዬ ነው።"

"ፍርዱ ገና ነው እኮ።"

"ብሎኬት አይበላሽ" አለኝ። ከዶሮዎቼ ቤት ፊት ለፊት፣ ከአጥሩ ጥግ ቆለለው። በመጋቢት ጠራራ ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ወፍራም ሸራ አለበሰው። የእኔ ዶሮዎች የሚያድሩት በሽቦና በጣውላ ነው፤ የመስዑድ ብሎኬት ግን ብርድ ልብስ ነበረው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት የዶሮ ቤቱን ስከፍት ሁለት ቄቦች አንገታቸው ተመንጭቆ፣ ደማቸው ተመጥጦ ተዘርረው አገኘሁ። ሥጋቸው አልተነካም። እናቴ ዘይነት ገና ከሩቅ አይታ "ሸለምጥማጥ ናት" አለች። "ደሙን ጠጥታ ሥጋውን ትተዋለች። ቅምጥል አውሬ ናት።"

ሽቦውን ዞሬ አየሁት። ከጣውላው ሥር እጄ የማይገባበት ቀዳዳ ነበር፤ ደፈንሁት። በሌላ ቀን በሌላ በኩል ገባች። ያንንም ደፈንሁ። ሸለምጥማጥ እንደ ውሃ ናት፤ ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው ይከተላል። አባባ ይህን ሲሰሙ መስዑድን ጠርተው "ወንድሟ ነህ፣ መላ ፈልግላት" አሉት።

"ቡችላ ይፈልግልኝ" አልሁ። "ከጫጩት ጋር አብሮ ያደገ ውሻ ዶሮን እንደ ቤተሰቡ ነው የሚያይ።"

"ቡችላ የሕፃን መጫወቻ ነው" አለ መስዑድ። "ውሻ ከተባለ ያንበሳሜ ገጠር ውሻ ነው። ጅብ የሚይዝ።"

"ጅብ አልመጣብኝም እኮ።"

"ጅብ የያዘ ለሸለምጥማጥ አያንስም።"

እናቴ መሐል ገባች። ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም አለች። ለከብትና ለአዝመራ ጥበቃ እንደሚፈቀድ ነገርኋት፤ አባባም "ልክ ናት፣ ቤት አይግባ እንጂ ጓሮ ይደር" አሉ። እናቴ የራሷን ሕግ ጨመረች፦ የውሻው ሳህን ከቤት ዕቃ ጋር አይገናኝም፤ ምራቁ የነካው ዕቃ ካለ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር፤ አጣቢዋም ሰሚሐ ናት። ውሻ ያመጣው መስዑድ ነው፣ የምታጥበው ሰሚሐ ናት። በቤታችን የሥራ ክፍፍል እንዲህ በግልጽ የተቀመጠ ነው።

ውሻው በአይሱዙ፣ በሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ከአንበሳሜ ገባ። ግዙፍ፣ ዳማ፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ። መስዑድ ልብሱን እየሰበሰበ ከሩቅ ቆሞ ወዛደሮቹን "በቀስታ አውርዱት" እያለ አዘዘ። ስሙን "ኮማንደር" አለው። ስሙን ያወጣለት ሳይነካው ነው፤ እስከ ዛሬም ነክቶት አያውቅም።

ከዶሮ ቤቱ ምሰሶ እስከ ብሎኬቱ ቁልል ሽቦ ተወጠረ፤ የኮማንደር ሰንሰለት በዚያ ላይ ወዲህና ወዲያ ይንሸራተታል። ቀጥሎ የማሠልጠኛው ጊዜ ሆነ። መስዑድ ውሻ ቁጡ የሚሆነው ሚጥሚጣ ሲበላ ነው ብሎ እንጀራውን በሚጥሚጣ አስነስንሶ ሰጠው። ኮማንደር በላና ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ዋለ። ቁጣ ያየሁት እናቴ ላይ ነው፤ ባልዲ የምታመላልሰው እሷ ነበረች።

ከአጥራችን ማዶ እትዬ ሸዋዬ ይኖራሉ። አንድ የአደጋ መከላከያ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ የቆዩ፣ ሁዳዴውን በአግባቡ የሚጾሙ፣ አጥር ላይ ተደግፎ መጠየቅን ግን የማይጾሙ ሴት ናቸው። በሁለተኛው ቀን ብቅ አሉ።

"ሰሚሐ፣ ውሻችሁ ዲዳ ነው እንዴ?"

"ጨዋ ነው ይላል መስዑድ።"

"ጨዋ ዘበኛ ምን ያደርጋል? እኔ ስወጣም ስገባም ጭራውን ነው የሚቆላልኝ።"

"እርስዎ ዶሮ አልሰረቁማ።"

"እስካሁን" አሉ። "ጾም ነው።"

በዚያው ሰሞን ሸለምጥማጧ ተመለሰች። ጠዋት አንዲት ወሰራ ዶሮ አንገቷ ተመንጭቆ ተገኘች። ኮማንደር ከዶሮ ቤቱ በር አጠገብ ቆሞ በትሕትና ጭራውን ይቆላል። ሌሊቱን ከቤታችን አንድም ሰው ጩኸት አልሰማም።

አሁን የዶሮዋን ሬሳ ነገር እንናገር፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው። አውሬ የገደለው ዶሮ ለእኛ ሐራም ነው። ለእትዬ ሸዋዬም በክት ነው፤ ጾም ባይሆን እንኳ አይነኩትም። በዚህች ከተማ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ሻይ እረፍት የሚስማሙበት ጉዳይ ቢኖር ይህ ነው። ታዲያ ሙሉ ዶሮ፣ ያውም የሰባች፣ ምን ትደረግ? መስዑድ መልሱን ያውቅ ነበር።

"ለኮማንደር ስጡት" አለ።

"ላልጮኸበት ሊሸለም?"

"ሽልማት አይደለም። የዶሮዋን ጠረን ሲለምድ የገዳይዋንም ጠረን ይለያል። ደም ያነቃዋል።"

"ይህን የት አነበብኸው?"

"ይህ የሚነበብ አይደለም፤ የሚታወቅ ነው።"

ወረወረለት። ኮማንደር ከነላባዋ በላትና ጥላ ሥር ተኛ። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነ፤ ሸለምጥማጥ ትገድላለች፣ መስዑድ ይወረውራል፣ ኮማንደር ይበላል። ዶሮ ያልሞተ ቀን የሚደርሰው ደረቅ እንጀራ ነው። የሞተ ቀን ግን ሠርግ ነው። የእኔ ቤት እየሳሳ ሲሄድ የእሱ ጠጉር እያብረቀረቀ መጣ። መስዑድ በዚህ ኩራት ተሰማው፤ "አየሽ ሲወፍር" ይለኝ ነበር፣ እኔ ውሻ ለማድለብ የተዋዋልሁ ይመስል።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መስዑድን ሲባጎ ይዞ ጓሮውን ሲለካ አገኘሁት።

"ምን ትለካለህ?"

"ምንም። ኢንሻአላህ ብዬ ነው።"

"አላህን በሲባጎ አታስቸግረው።"

አባባ ከበረንዳው ሆነው ይሰሙን ነበር። ማታ ጠሩኝ።

"ዶሮዎቹ እንዲህ ካለቁ፣ ልጄ…"

"አላለቁም፣ አባባ።"

"እያለቁ ነው።"

"እያለቁ ያሉት እኮ በመስዑድ ውሻ ጥበቃ ሥር ነው።"

"የማን ውሻ እንደሆነ አልጠየቅሁሽም" አሉ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። "ፋሲካ ሲደርስ ዶሮ አለ ወይስ የለም፣ ያ ነው ፍርዱ።"

እውነታቸውን ነበር። ያናደደኝም ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ዶሮዎቹን መጠበቁን ትቼ ጠባቂውን መጠበቅ ጀመርሁ። ነገሩ የተገለጠልኝም ጠዋት ጠዋት ነው። ዶሮዎቹ በሰላም ያደሩ ቀን ኮማንደር ከብሎኬቱ ሥር ተጠቅልሎ ፀሐይ እስኪነካው ይተኛል፤ ብጠራውም አንድ ዓይኑን ነው የሚከፍትልኝ። አንድ ጠዋት ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘሁት። የሚያየው የዶሮ ቤቱን አልነበረም፤ የወጥ ቤቱን በር ነበር፣ መስዑድ የሚወጣበትን። ጭራው ይቆላል፣ ምራቁ መሬት ነክቷል።

"ዛሬ ሞታለች" አልሁ። ከፈትሁ። ሞታለች። ያቺ ገብስማዋ፣ ለፋሲካ ማን እንደሚገዛት ሳይቀር በልቤ መርጬላት የነበረችው።

ሬሳዋን እንደያዝሁ ቆሜ ኮማንደርን አየሁት፤ እሱም ሬሳዋን አየ። ዜናውን ከእኔ ቀድሞ ሰምቷል። ሸለምጥማጧ በአፍንጫው ሥር ገብታ ወጥታለች። ምን ብሎ ይጩህባት? ቢጮህ ትሸሻለች፣ ዶሮዋ ትተርፋለች፣ የእሱ ድርሻ ደረቅ እንጀራ ይሆናል። ዝም ካለ እሷ ደሙን ትጠጣለች፣ ሥጋው የእሱ ነው። ሽርክናው ያለ ውልና ያለ ምስክር በሰላም ይካሄድ ነበር፤ የሽርክናው ካፒታል እኔ ነበርሁ።

በአጥሩ ላይ ለእትዬ ሸዋዬ ስነግራቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። "ይህ ውሻ እኛ መሥሪያ ቤት ሠርቷል እንዴ?" አሉ። "እኛም ዘንድ አደጋ ካልደረሰ አበል የለም። አንድ ዓመት ምንም ሳይደርስ ቀርቶ የደረሰብንን እኛ ነን የምናውቅ።"

ለቤተሰቡም በምሳ ላይ አስታወቅሁ። ከዛሬ ጀምሮ የሞተች ዶሮ ትቀበራለች እንጂ ለውሻ አትሰጥም።

"ውሻ አያስብም" አለ መስዑድ።

"አያስብም። ይበላል። ለዚህ ማሰብ አያስፈልገውም።"

"እኔ ያመጣሁትን ውሻ አንቺ ልታሠለጥኚው?"

"ሳህኑን ሰባት ጊዜ የማጥበው እኔ ነኝ። ድርሻውንም እኔ እወስናለሁ።"

አባባ ጉርሻቸውን አላቋረጡም። "ይሁን" አሉ።

ዓሣ አስጋሪዎቹ ታንኳቸውን ከሚያስጠጉበት ሄጄ የአምባዛ ጭንቅላት አመጣሁ፤ እነሱ ይጥሉታል፣ ለውሻ ግን ድግስ ነው። ሕጉ አጭር ነበር። ጠዋት ኮማንደር እያየ የዶሮ ቤቱን እከፍታለሁ። ሁሉም በእግራቸው ከወጡ የአምባዛ ጭንቅላቱ የእሱ ነው። አንዲት እንኳ ከሞተች ጭንቅላቱን አሳይቼው መልሼ እወስዳለሁ። ውሃውንና የማታ እንጀራውን አልነካሁበትም፣ ግፍ አልወድም። የነካሁት አበሉን ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ አሳዛኝ ነበር። ዶሮ ሞተች፣ ኮማንደር ምራቁን እያዝረበረበ ቆሞ ጠበቀ፤ እኔ ሬሳዋን በፌስታል ይዤ በፊቱ አለፍሁና ከአጥር ውጭ ቀበርኋት። ዓሣውንም ይዤበት ተመለስሁ። የዚያን ዕለት ፊቱን ብታዩት ደመወዙ በስሕተት ለሌላ ሰው የገባበት ሠራተኛ ይመስል ነበር። በማግስቱ ምንም አልሞተም፤ ዓሣውን በላ። ጠረኑን እያሸተተ የዶሮ ቤቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና የዶሮ ቤቱን አየ። ከዚያ አንድ ቀን ደግሞ ሞተች፤ ዓሣው በፊቱ መጥቶ በፊቱ ሄደ። ሒሳብ የሚከብደው ሰው እንጂ ውሻ አይደለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ኮማንደር ድምፅ እንዳለው ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። መስዑድ ዓይኑ ቀልቶ ለቁርስ ተቀመጠ።

"ይህ ውሻ አብዷል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ።"

"ጅብ የሚይዝ ነው ብለኸን የለ።"

"ሰው መተኛት አለበት።"

"ዶሮዎቼ ተኝተው አድረዋል" አልሁና የዓሣውን ጭንቅላት ይዤ ወጣሁ።

እትዬ ሸዋዬም ስለ ጩኸቱ ሊወቅሱኝ በአጥሩ ብቅ አሉ። ግን አውራ ዶሮዎቹን ሲያዩ ወቀሳውን ረስተው "ያን ቀዩን ለማንም እንዳትሰጪብኝ" ብለው ገቡ።

ሆኖም ነገሩ አላለቀም። ሸለምጥማጧ ተርባ ሩቅ አልሄደችም። ኮማንደርም ይህን ያውቅ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር፣ ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አጥቶ እንጂ። ከሆሳዕና በፊት በነበረው ዓርብ፣ አባባና መስዑድ ከጁምዓ ሰላት ሲመለሱ፣ ኮማንደር በጠራራ ፀሐይ ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ስቦ የመስዑድን ሸራ በጥርሱ ይዞ ይጎትታል። እየጎተተ ይጮሃል፣ እየጮኸ ይቆፍራል።

"ሸራዬን ቀደደው" አለ መስዑድ። ዱላ አነሣ፤ ዱላው ግን ውሻው ጋር ለመድረስ ስለሚያጥር ቆሞ አሰበ።

አባባ ጠጋ አሉ። "ምንድን ነው የሚያስጮኸው?"

"እብደት ነው፣ አባባ። እሷ በዓሣ አሳበደችው።"

"ሸራውን አንሣው።"

"ብሎኬት ብቻ ነው ከሥሩ…"

"ብሎኬት ከሆነ አንሣዋ።"

እኔ ኮማንደርን በሰንሰለቱ ወደ ኋላ ያዝሁት። መስዑድ በነጭ ጀለቢያው ሸራውን ገፈፈ፣ ብሎኬት አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ። ሦስተኛውን ረድፍ ሲነካ ነጠብጣብ ያለበት ረጅም ነገር ከብሎኬቱ ቀዳዳ ተስፈንጥሮ በመስዑድ ሁለት እግሮች መሐል አለፈ። መስዑድ ቁልሉ ላይ እንዴት እንደወጣ አላየሁም፤ ሳየው ላዩ ላይ ቆሟል። ከጁምዓ የተመለሰ ሰው የማይናገረውን ቃል ተናገረ። ሸለምጥማጧ አጥሩን በአንድ ዝላይ ተሻግራ ደንገሉ ውስጥ ገባች። ኮማንደር ሰንሰለቱን ሊበጥሰው ደረሰ፤ ለጉልበቱ ያኔ ነው አክብሮት ያደረብኝ።

አባባ ጎንበስ ብለው ብሎኬቱ መሐል አዩ። በዚያ ጥላ፣ በዚያ ወፍራም ሸራ ሥር፣ ዝናብም ፀሐይም በማይነካው ቦታ፣ ላባ ተነጥፎ ነበር። ቀይ፣ ወሰራ። አንዲት የገብስማ ላባ በሁለት ጣታቸው አነሡ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ላባ ነው" አለ መስዑድ፣ አሁንም ከላይ ሆኖ።

"የማን?"

መስዑድ ዝም አለ። ዝምታን ከኮማንደር የተማረ ይመስለኛል።

"መጋዘኑ ሳይሠራ ተከራይ ገብቶበታል፣ አባባ" አልሁ።

አልሳቁም። ጢማቸው ግን ትንሽ ተነቃነቀ። "ብሎኬቱን ዛሬውኑ ከዚህ ጓሮ አውጣ" አሉት።

"የት ላድርገው?"

"ስታስገባው አልጠየቅኸኝም፤ ስታወጣውም አትጠይቀኝ።"

እስኪመሽ ድረስ ወዛደሮቹ ብሎኬቱን ወደ በረንዳው ሲያመላልሱ ቆዩ። ትቂት ብሎኬት አስቀርቼ የዶሮ ቤቱን ሥር ዙሪያውን ገጠምሁበት።

የፋሲካ ዋዜማ ከማለዳ ጀምሮ በጓሮ በራችን ሰው ተሰለፈ። እትዬ ሸዋዬ ቀዩን አውራ ዶሮ ክንፉን ይዘው፣ ሁለት ጊዜ መዝነው፣ "ይህስ ሲጾም አልከረመም" ብለው ወሰዱት። ብዙ ዶሮ ሞቶብኛል፤ የተረፉት ግን ገበያ ደርሰዋል፣ ፍርዱም የነበረው ይኸው ነው። ከቀትር በኋላ ጓሮው ሲቀልል ለዘር ያስቀረኋቸው ብቻ አፈር ይጭራሉ። አባባ ወጡ። ዶሮዎቹን አዩ፣ ጥላ ሥር የተኛውን ኮማንደር አዩ። ከኪሳቸው የቁልፍ ማሠሪያቸውን አውጥተው፣ የጓሮውን በር ቁልፍ ከመሐል በጥፍራቸው ሲታገሉ ቆይተው ፈቱና ሰጡኝ።

"እናትሽ ሱቁን የሚረዳት ሰው ትፈልግ" አሉና ገቡ።

መስዑድ አሁን በገበያው ውስጥ ኮማንደርን ያሠለጠነው እሱ መሆኑን ይናገራል። ያንበሳሜ ውሻ መጀመሪያ ላይ ዝም የሚለው ጠላቱን ሲያጠና ነው ይላል፤ ሰዎችም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በቅርቡ ደግሞ አንድ አዲስ ሐሳብ መጥቶለታል፦ ቡችላ ቢጨመርና ከጫጩቶቹ ጋር አብሮ ቢያድግ። ጥሩ ሐሳብ ነው አልሁት።

ኮማንደር ጠዋት ጠዋት ከዶሮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ እየወጡ ሲሄዱ ያያቸዋል፣ ከዚያ ዓሣውን ይበላል። ሥራውን ይወዳል ብዬ አላወራም። አንዲት ዶሮ ባስነጠሰች ቁጥር ዛሬም ያን አንድ ጆሮውን ያቆማል፤ ቀና ብሎም የወጥ ቤቱን በር ያያል። እኔም እሱን አያለሁ።